ደጋፊና ተደጋፊ

[የአንድ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መጠበቂያ። የፕላስቲክ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ሁለት ሽማግሌዎች ከበሩ ጀምረው እየተጨቃጨቁ ይገባሉ። አንደኛው ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ሲቀይስ ኖሮ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው። ሌላው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር፣ እሱም ጡረተኛ ነው። ከዘራ የያዘውና የሚያነክሰው አማቹ ነው።]

ቀያሹ፦ በዚህ እጅህ አይደለም አልኩህ። የታመመው ቀኝ እግርህ ከሆነ ከዘራውም በቀኝ ነው የሚያዘው።

አማቹ፦ በግራ ሲሆን ነው የሚቀለኝ ጋሼ።

ቀያሹ፦ የሚቀልህን ማን ጠየቀህ? አስበው እስቲ። አጥር ወደ ቀኝ ከዘመመ ባላውን በየት በኩል ነው የምታስደግፍለት?

አማቹ፦ እኔ አጥር የለኝም። ፎቅ ላይ ነው የምኖረው።

ቀያሹ፦ ምሳሌ ነው የሰጠሁህ።

አማቹ፦ እሺ፣ በምሳሌው አጥሩ የማን ነው?

ቀያሹ፦ የፈለገው ሰው ይሁን።

አማቹ፦ የጎረቤት ከሆነ አልነካም። በአጥር የተነሳ ስንት ሰው ተካስሷል።

ቀያሹ፦ [ከዘራውን ከግራ እጁ ወስዶ በቀኙ ያስይዘዋል] በቃ፣ እንዲህ ያዝ። አሁን ተራመድ።

[አማቹ ይራመዳል። ከዘራውና እግሩ ይጠላለፉና ወንበር ላይ ዘፍ ይላል።]

ቀያሹ፦ አየህ? ወዲያው ተቀመጥክ። ነገር በደንቡ ሲያዝ እንዲህ ነው።

አማቹ፦ መቀመጥ አልፈለግኩም ነበር።

ቀያሹ፦ እህትህ ወዳ አይደለም አብሬህ እንድመጣ የለመነችኝ። "ወንድሜ ብቻውን ከሄደ የሚሉት አይገባውም፣ የገባውንም እስኪወጣ ይረሳዋል፣ አደራህን ደግፈው" አለችኝ። የታመመው እግርህ ብቻ ቢሆንማ መች ቸገረን።

አማቹ፦ እታለም ታስብልኛለች።

ቀያሹ፦ እኔም አስብልሃለሁ። ለሁለት ሰው ማሰብ ለምጃለሁ። [ወንበሩን በእጁ እየዳሰሰ ይፈልግና፣ ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ይቀመጣል] ይሄ ወንበር ደግሞ ምን ዝቅ አደረገው?

አማቹ፦ ከኔው ጋር እኩል ነው ጋሼ።

ቀያሹ፦ አንተም ዝቅ ብለሃል። ለመሆኑ እንዴት ነው የጀመረህ?

አማቹ፦ ደረጃ ስወርድ እግሬ ከዳኝ።

ቀያሹ፦ እግር ዝም ብሎ አይከዳም። ምን አድርገኸው ነው?

አማቹ፦ ምንም። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ አቆምኩት እንጂ።

[በሩ ይከፈትና አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ብቅ ትላለች። ትከሻዋ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋለች።]

ባለሙያዋ፦ ተራው የእናንተ ነው አባቶቼ። ታማሚው የትኛችሁ ናችሁ?

ቀያሹ፦ እሱ ነው።

አማቹ፦ እኔ ነኝ መሰለኝ።

ቀያሹ፦ "መሰለኝ" ይላል። ይኸውልሽ ልጄ፣ ሥራሽ ቀላል አይደለም።

ባለሙያዋ፦ እርስዎስ?

ቀያሹ፦ እኔ ደጋፊ ነኝ።

ባለሙያዋ፦ [ፈገግታዋን በፎጣው ትሸፍናለች] ጥሩ። ደጋፊማ በጣም ነው የሚያስፈልገን። ግቡ።

[ውስጥ ይገባሉ። አንድ ግድግዳ የሚሸፍን መስታወት፣ ሰው መሃላቸው ገብቶ የሚራመድባቸው ሁለት የብረት መደገፊያዎች፣ ወፍራም ስፖንጅ፣ የእንጨት ደረጃና ትልቅ ኳስ አለ። ቀያሹ እንደ ዘበት ሄዶ አንዱን ብረት ጨበጥ ያደርጋል፤ አይለቀውም።]

ባለሙያዋ፦ በመጀመሪያ ከዘራውን በግራ እጅዎ ይያዙልኝ። የሚያምዎት ቀኙ ከሆነ ከዘራው በግራ ነው። ቀኝ እግርዎ ወደፊት ሲሄድ ከዘራውም አብሮት ይሄድና ሸክሙን ይካፈለዋል።

[አማቹ ዞሮ ቀያሹን ያየዋል።]

ቀያሹ፦ ይኸው። ከበሩ ጀምሬ ስነግረው የነበረው ይሄንኑ ነው።

አማቹ፦ አጥሩስ?

ባለሙያዋ፦ የምን አጥር?

አማቹ፦ የጎረቤት።

ቀያሹ፦ ተይው ልጄ። ቀጥይ።

ባለሙያዋ፦ እንግዲህ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በእግሩ ብቻ አይደለም። ዓይን አለ፣ ወለሉን የሚያዳምጠው ውስጥ እግራችን አለ፣ ከዚያ ደግሞ ጆሯችን ውስጥ ሚዛን የሚጠብቅ አካል አለ። አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ይሸፍኑለታል። ለዚህ ነው ሰው መድከሙን ቶሎ የማያውቀው።

አማቹ፦ በጆሮዬም ነው የምራመደው ማለት ነው?

ባለሙያዋ፦ በከፊል አዎ።

አማቹ፦ [ያስባል] ለካ ለዚህ ነው ሰው ሲጠራኝ የምቆመው።

ቀያሹ፦ ልጄ፣ ሁሉንም አትንገሪው። ነገ ጆሮው ላይ ካልሲ አጥልቆ ይመጣል።

ባለሙያዋ፦ እስቲ አንዱን እግርዎን ከሌላው ፊት አድርገው፣ ተረከዝን ከጣት አገጣጥመው ይቁሙልኝ።

አማቹ፦ የማንን ተረከዝ?

ባለሙያዋ፦ የራስዎን።

አማቹ፦ ከማን ጣት ጋር?

ቀያሹ፦ ከእህትህ ጣት ጋር። ሰው ለራሱ እግር አማላጅ ይፈልጋል?

[አማቹ ይሞክራል። ክንዶቹን ዘርግቶ ይንገዳገድና ብረቱን ይይዛል። ፊቱ ላይ ግን ኩራት የሚመስል ነገር ይነበባል።]

ባለሙያዋ፦ [ለቀያሹ] እርስዎ ቢያሳዩአቸው ይሻላል። በዓይናቸው ካዩ ይገባቸው ይሆናል።

ቀያሹ፦ ምን ችግር አለው። ተመልከት እንግዲህ። እንዳታርገበግብ ዓይንህን።

[ብረቱን ለቆ መሃል ወለል ላይ ይወጣል። ተረከዙን ከጣቱ ያገጣጥማል። ወደ ግራ ዘመም፣ ወደ ቀኝ ዘመም ይላል። ሊወድቅ ሲል ባለሙያዋ ወገቡን ትይዘዋለች።]

ቀያሹ፦ ይሄ ወለል ያዘነበለ ነው።

ባለሙያዋ፦ ወለሉ?

ቀያሹ፦ ልጄ፣ እኔ ዳገትና ቁልቁለት ስለካ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ይሄ ዓይኔ ውሃ ልክ ነው። ወለላችሁ ወደ መስኮቱ ወርዷል።

[አማቹ ትልቁን ኳስ አቅፎ ያመጣና መሃል ወለሉ ላይ ያስቀምጠዋል። ኳሱ አይነቃነቅም። ሦስቱም ቆመው ያዩታል።]

አማቹ፦ ኳሱ አልሰማም።

ቀያሹ፦ ኳሱ ከባድ ስለሆነ ነው።

[አማቹ በጣቱ ነካ ያደርገዋል። ኳሱ ከመስኮቱ ርቆ ቀስ እያለ ወደ በሩ ይንከባለላል።]

ቀያሹ፦ ግንበኞቹ ናቸው። ሁለቱንም ወገን አበላሽተውታል።

ባለሙያዋ፦ እሺ፣ ወለሉን እንለፈው። አሁን ደግሞ እየተራመዱ ያጫውቱኝ። [ለአማቹ] እርስዎ ይጀምሩ።

አማቹ፦ [እየተራመደ] ምን ልበልሽ?

ባለሙያዋ፦ የፈለጉትን።

አማቹ፦ የምፈልገው የለም። ደህና ነኝ።

ቀያሹ፦ አየሽው? ወይ እግሩ ወይ አፉ ነው የሚሠራለት። እኔን እይ። [መራመድ ይጀምራል] በወጣትነቴ አንድ ገደል ላይ መንገድ ቀየስኩ። አለቃዬ "አይሆንም" አለኝ። እኔ ምን አልኩት መሰለሽ... [ይቆማል።]

ባለሙያዋ፦ ይራመዱ።

ቀያሹ፦ [ይራመዳል፤ ዝም ይላል።]

ባለሙያዋ፦ ያውሩ።

ቀያሹ፦ [ይቆማል] ምን አልኩት መሰለሽ፣ "ገደሉን አንተ ከቢሮ ነው የምታየው፣ እኔ ከጫፉ ላይ ነው።"

ባለሙያዋ፦ ሲያወሩ ቆሙ እኮ።

ቀያሹ፦ ቁም ነገር ቆመው ነው የሚያወሩት ልጄ። ስሙ ራሱ ይናገራል።

ባለሙያዋ፦ እንግዲያው ቀልድ ያውሩኝ።

ቀያሹ፦ ቀልድ አልችልም።

አማቹ፦ እውነቱን ነው። እኔ እመሰክራለሁ።

ባለሙያዋ፦ [ድምጿን ዝቅ አድርጋ] ሰው ለማውራት ከቆመ መራመዱ ሐሳቡን ሁሉ እየወሰደበት ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው መንገድ እያቋረጠ አንድ ወዳጁ ቢጠራው፣ ይቆማል። መኪናው ግን አይቆምለትም።

[ቀያሹ ብረቱን ይይዛል።]

ቀያሹ፦ ሰማህ? ላንተ ነው።

አማቹ፦ ሰምቻለሁ ጋሼ።

ባለሙያዋ፦ ዋናው ሥራ ቤት ነው። ወጥ ቤት ገብታችሁ፣ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛችሁ በአንድ እግር መቆም። ከወንበር ላይ እጅን ሳያስደግፉ መነሳት። ግራና ቀኝ እያዩ መራመድ። ግን እሳቸው ብቻቸውን አይሆንላቸውም። [ወደ ቀያሹ] እርስዎ ፊት ለፊታቸው ቆመው በየቀኑ ካልሠሩላቸው፣ እሳቸው አይሠሩም።

ቀያሹ፦ ለኔ ተይው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ይሄ ደግሞ እግር አለው።

አማቹ፦ እንቁላሉ ቢወድቅስ ጋሼ?

[ቀያሹ ወደ በሩ ይዞራል።]

ቀያሹ፦ ስለ መውደቅ ማን አነሳ? ና እንሂድ።

[ጥቂት ሳምንታት አልፈዋል። የቀያሹ ቤት፣ ወጥ ቤት። ቀያሹ የዕቃ ማጠቢያውን በአንድ ጣት ብቻ ነክቶ በአንድ እግሩ ቆሟል። አማቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል።]

ቀያሹ፦ ተነስና ሥራ እንጂ።

አማቹ፦ እያየሁ ነው የምማረው።

ቀያሹ፦ እስከ መቼ ነው የምታየው? ላንተ ስል እኮ ነው እንደ ሽመላ ተገትሬ የምውለው።

አማቹ፦ ነገ እጀምራለሁ። እስቲ ጣትህን ልቀቅና አሳየኝ፣ እሱ ነው ያልገባኝ።

ቀያሹ፦ [ጣቱን ይለቃል። ቀጥ ብሎ ይቆማል] ይኸው። ምኑ ነው የማይገባህ?

አማቹ፦ አሁን በሌላኛው።

ቀያሹ፦ [እግሩን ይቀይራል] ይኸው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ካልሲዬን ቆሜ አጠለቅኩ። ስንት ጊዜዬ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ካልተቀመጥኩ... [ያቋርጣል] ማለቴ፣ ላንተ ላሳይህ ብዬ ነው የምለማመደው።

አማቹ፦ ገብቶኛል።

[ከሳሎን የሴት ሳቅ ይሰማል።]

ቀያሹ፦ እህትህን ምን ያስቃታል?

አማቹ፦ ቴሌቪዥን እያየች ይሆናል።

ቀያሹ፦ ቴሌቪዥኑማ ተበላሽቷል። [አማቹ ዳቦ ሊጨምር ተነስቶ ሲያነክስ ያየዋል] ቆይ ቆይ። ትናንት የሚያነክሰው ቀኝህ አልነበረም? ዛሬ ግራው ነው።

አማቹ፦ [እግሮቹን ቁልቁል እያየ] ቀኙ ደከመው። ግራው ተረከበ።

ቀያሹ፦ በፈረቃ ነው የሚሠሩት?

አማቹ፦ አውቶቡስም ላይ ሹፌሩ ይቀየራል።

ቀያሹ፦ [አገጩን ይዞ ያስባል] አወቅኩት። ተሻጋሪ ነው። በዚህ የገባ በዚያ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው እንጂ፣ ቢዘገይ ትከሻ ይወጣል።

አማቹ፦ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር።

[እንደገና የፊዚዮቴራፒው ክፍል። ቀያሹ በብረቶቹ መሃል ሳይሆን በክፍሉ ዙሪያ ይራመዳል፤ ብረቶቹን አያያቸውም። ግራና ቀኝ እያየ፣ እጁን እያወናጨፈ ሳያቋርጥ ያወራል። ባለሙያዋ ከጎኑ ትሄዳለች። አማቹ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።]

ቀያሹ፦ ልጄ፣ እኔ የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ፊቱ ስቆም ውዬ ስቀመጥ አመሻለሁ። አንዱንም አይዝም። ድንጋይ ባስተምር እስካሁን አንድ ሁለት እርምጃ ይሄድልኝ ነበር። ባይሆን ሌላ መድኃኒት ፈልጊለት፤ እህቱ ምን ትለኛለች?

ባለሙያዋ፦ ይዙሩ በዚህ በኩል። አዎ። ስፖንጁ ላይ ይውጡ። እሺ፣ ይውረዱ። ለመሆኑ ያ የገደሉ መንገድ መጨረሻው ምን ሆነ?

ቀያሹ፦ [ሳይቆም] ተሠራ እንጂ። አለቃዬ ራሱ በመኪና አለፈበት። ዓይኑን ጨፍኖ ነው አሉ ያለፈው።

[አማቹ ይስቃል። ባለሙያዋም ትስቃለች። ቀያሹ ቀልድ ማውራቱን ሳያውቅ መራመዱን ይቀጥላል።]

ባለሙያዋ፦ በቃ። ታማሚዬ ጨርሰዋል።

ቀያሹ፦ ምኑን ነው የጨረሰው? ይኸው እንደተቀመጠ ነው።

ባለሙያዋ፦ እሳቸውን አይደለም ያልኩት።

ቀያሹ፦ ታዲያ ማንን?

ባለሙያዋ፦ እርስዎን።

ቀያሹ፦ እኔ ደጋፊ ነኝ።

[አማቹ ከዘራውን ወንበሩ ላይ ትቶ ይነሳል። ሳያነክስ መጥቶ ፊቱ ይቆማል።]

አማቹ፦ ጋሼ፣ ይቅር በለኝ። እግሬን አያመኝም።

ቀያሹ፦ የትኛውን?

አማቹ፦ ሁለቱንም።

ቀያሹ፦ ተሻጋሪውስ?

አማቹ፦ እሱን አንተ ነህ ያመጣኸው። እኔ የቱ እንደነበር ጠፍቶኝ ነው።

[ቀያሹ ወደ ወንበር ይሄዳል። ሳይዳስስ ይቀመጣል።]

ቀያሹ፦ ምን በድዬህ ነው?

አማቹ፦ መታጠቢያ ቤት ወድቀህ እታለም ሮጣ ስትመጣ "ባልዲ ነው የወደቀው" አልካት።

ቀያሹ፦ ባልዲ ነው የወደቀው።

አማቹ፦ ባልዲ "እናቴን" አይልም ጋሼ።



ቀያሹ፦ የሰማችኝ አልመሰለኝም ነበር።

አማቹ፦ ከዚያን ቀን ወዲህ መታጠቢያ ቤት በገባህ ቁጥር በሩ ላይ ቆማ ነው የምትጠብቅህ። ውሃው ሲዘጋ እንዳትሰማት ጫማዋን አውልቃ ትሸሻለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትልህ ተቆጣሃት። "ስንት ገደል የረገጠ እግር ለሐኪም አላሳይም" አልካት። ምን ታድርግ?

ቀያሹ፦ [ወለሉን እያየ] ደረጃ ስወርድ ዓለም በሙሉ የሚያዘነብል ይመስለኝ ነበር። ወለሉ ነው፣ ወንበሩ ነው እላለሁ። ይሄ ቀጥ ያለ ነው፣ ይሄ ጠማማ ነው እያልኩ ስፈርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተጣመምኩት እኔ ነኝ ካልኩ ምን ይቀረኛል ብዬ ነው።

ባለሙያዋ፦ አሁንማ ቀና ብለዋል አባቴ።

ቀያሹ፦ [ወደ አማቹ ዞሮ] እና ያ ሁሉ አለመግባት ውሸት ነበር? "የማንን ተረከዝ" ያልከው?

አማቹ፦ አውቄ ነው።

ቀያሹ፦ ጆሮህስ?

አማቹ፦ አውቄ ነው።

ቀያሹ፦ የጎረቤት አጥር ያልከውስ?

አማቹ፦ እሱ የምሬን ነው።

[ቀያሹ ሳቁ ያመልጠዋል። ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል።]

ቀያሹ፦ እንግዲህ ጅሉ እኔ ነበርኩ።

አማቹ፦ [ደረቱን ነፋ አድርጎ] አይዞህ ጋሼ፣ ማንም ቢሆን ይሸወድ ነበር። ሁሉንም ተዘጋጅቼበት ነው። መንገዳገዱ ብቻ ምን ያህል እንደሚከብድ ብታውቅ።

ባለሙያዋ፦ [ለአማቹ] በሉ እንግዲህ፣ ከሚቀጥለው ቀጠሮ ጀምሮ የእርስዎ ተራ ነው።

አማቹ፦ የኔ? የኔማ የውሸት ነው ልጄ። አሁን እኮ ነገርኩት።

ባለሙያዋ፦ እስቲ ያለ ማስመሰል በአንድ እግር ይቁሙልኝ።

አማቹ፦ ምን ገዶኝ። [አንድ እግሩን ያነሳል። ወዲያ ወዲህ ይልና ቀያሹ ላይ ይደገፋል። ቀያሹ ፈጥኖ ተነስቶ ንቅንቅ ሳይል ይይዘዋል።]

ቀያሹ፦ ተው አሁን። ታውቆብሃል፣ ይብቃህ።

አማቹ፦ ትቻለሁ እኮ ጋሼ።

ቀያሹ፦ እንግዲያው ቁማ።

[አማቹ ሌላኛውን እግር ያነሳል። በዚህኛው የባሰ ይንገዳገዳል። በሁለት እጁ የቀያሹን ክንድ ጨምድዶ ይይዛል። ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት የለም።]

ባለሙያዋ፦ እህትዎ ሲደውሉልኝ "ሁለት ሰው እልክልሻለሁ" ነው ያሉኝ። "ባሌም ወንድሜም ሚዛን አልቆላቸዋል፣ ሁለቱም በጄ አይሉም። እያንዳንዱ ሌላውን የሚያሳክም ይምሰለው" አሉ። እኔ የባሰበትን አስቀደምኩ።

[ሁለቱ ክንድ ለክንድ እንደተያያዙ ይተያያሉ።]

ቀያሹ፦ ለኔ "ወንድሜን ደግፈው" ነው ያለችኝ።

አማቹ፦ ለኔም "ባሌን ደግፈው" ነው ያለችው።

ቀያሹ፦ እንግዲህ አንዱም ውሸት የለበትም።

[አማቹ አንገቱን ይደፋል።]

ቀያሹ፦ አትዘን። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የዳንኩትን አንተ አያቅትህም። ከነገ ጀምሮ አብረን እንሠራለን።

አማቹ፦ እሱ አይደለም ያሳዘነኝ።

ቀያሹ፦ ታዲያ ምንድን ነው?

አማቹ፦ ትወና የምችል መስሎኝ ነበር።